መዥገርና ጣፊያ፦ ከጾሬው በሬ የተማርነው



ዛሬ ስለ ምርትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል። እኔ ደግሞ በልማት ሠራተኛነቴ ስለ አንድ በሬ እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ባለፈው ክረምት በጾሬ አንድ አባት በሬያቸው መብላት ቢያቆም ጠሩኝ። ትኩሳት ነበረው፤ ድዱም ገርጥቷል። አካባቢያችን የቆላ ዝንብ ያለበት ነውና «ገንዲ ነው» አልኩ። ስለ ሽንቱ አልጠየቅሁም፤ ጅራቱንም ገልጬ አላየሁም። በሦስተኛው ቀን በሬው ሞተ። ላራሽ አንድ በሬ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሳልደብቅ የምናገረው ሌላው እንዳይደግመው ነው።

አባትየው ቢላዋ አንስተው ሊገፉት ሲሉ የእንስሳት ሐኪሙ ደርሶ ከለከላቸው። አባ ሰንጋም ጣፊያን ያሳብጣል፤ በድኑን የከፈተንና ሥጋውን የበላን ሰው ሊገድል ይችላል። ሐኪሙ ከጆሮው ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ ካረጋገጠ በኋላ ተከፈተ። ጣፊያው ከልክ በላይ አብጦ ላልቷል፤ ሽንቱም ቀይ ነበር። በሽታው ባቤሲዮሲስ ይባላል።

መዥገሯ ደም ስትመጥ ተውሳክ ታስገባለች። ተውሳኩ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ተራብቶ ሴሉን ያፈርሰዋል። የተጎዳውን ሴል ከደም ውስጥ የሚለቅመው ጣፊያ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ያብጣል። ሰማያዊ መዥገር የምትባለው ተውሳኩን በእንቁላሏ ለልጆቿ ታወርሳለች። በሽታው በመዥገር እንደሚተላለፍ ስሚዝና ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1893 አስረድተዋል።

ሰውንስ ይይዛል? አልፎ አልፎ ይይዛል። በሰው ላይ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 በዩጎዝላቪያ ሲሆን፣ ታማሚው ጣፊያው ቀድሞ የወጣለት ገበሬ ነበር፤ ሞተ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጣፊያቸው አብጦ የፈነዳባቸው ጥቂት ሰዎች ተመዝግበዋል። በእኛ ቆላ ግን የሰውን ጣፊያ ይበልጥ የሚያሳብጠው ወባ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ሰው በግራ ጎኑ ወይም በግራ ትከሻው ድንገተኛ ሕመም ከተሰማውና ካዞረው፣ ሆዱን አትሹት፤ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለከብቶቻችን የሚከተሉትን እናድርግ።

አንደኛ፣ ጆሮ፣ ብብት፣ ጡትና የጅራት ሥር ዘወትር ይፈተሽ። ትኩሳትና ቀይ ሽንት ከታየ በዕለቱ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፤ ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

ሁለተኛ፣ የመዥገር መድኃኒት በባለሙያ ልክ ይበጥበጥ፤ የጸረ ሰብል ተባይ መርዝ ከብት ላይ አይረጭ።

ሦስተኛ፣ መዥገር ከሌለበት አገር የተገዛ ከብት ይበልጥ ይጎዳልና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ ይታይ።

አራተኛ፣ በድንገት የሞተ ከብት ባለሙያ ሳያየው አይከፈት፤ አይበላ።

ለዩኒየኑም አንድ ሐሳብ አለኝ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጋራ እንደምንገዛ ሁሉ፣ የመርጫ መሣሪያና የመዥገር መድኃኒትም በጋራ ብንገዛስ? አንዱ ረጭቶ ጎረቤቱ ቢተው፣ መዥገሯ ከግጦሹ ላይ ትጠብቀዋለች። ግጦሹ የጋራ ስለሆነ መከላከሉም የጋራ ይሁን።