የሣር ማጨጃው ሞተር አልነሳ ሲል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው አጀንዳ «አዲስ የሣር ማጨጃ ለመግዛት የሚደረግ መዋጮ» የሚል ሰፍሯል። ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ስለ አሮጌው ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። አሮጌው አልሞተምና።

ሐምሌ ገብቶ በየብሎኩ መካከል ያለው ሣር ጉልበት ሲደርስ ሞተሩን ከዕቃ ቤት አወጣነው። ገመዱን ሳብን፣ ተፈራርቀን ሳብን፤ ወይ ፍንክች! ለጥገና ብንወስደው «ፒስቶኑ ተበልቷል፣ ጣሉት» ተባልን። አምነን ተመለስን። ነገሩ ግን አልዋጥልን ብሎ የቤንዚን ሰልባትዮውን ከፍተን ብናሸት፣ ለካ ከጥቅምት ጀምሮ የተኛ ቤንዚን ኖሯል።

ቤንዚን ከወር በላይ ሲቀመጥ ቀላል ቀላሉ ይተናል፤ የቀረው እንደ ሙጫ እየሆነ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን ቤንዚን ከስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ጋር ሲደባለቅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ እንዲህ ያለው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ የጎማ ቱቦም ያበላሻል። ስለዚህ አሮጌውን በጀሪካን ቀዳን (ወደ ቦይ አይደፋም!)፣ ቀጥሎ ካንዴላውን ፈታን። ካንዴላው እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ጠርጎ፣ ቾኩን ከፍቶ፣ ጥቂት ማናፈስ ነው። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም። የእኛው ደረቅ ነበር። ሰልባትዮው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፊልትሮ ተደፍናለች፣ ቱቦውም ተሰንጥቋል። ሁለቱን ቀይረን ካርቡራተሩን አጠብን፤ በሦስተኛው ስበት ተነሳ።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ሞተር እንደ መኪና የራሱ ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። የእኛው 1 ለ 50 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት። የመኪና ዘይት አይሆንም። አንድ ቀን ባዶ ቤንዚን ከተሞላ፣ ያኔ ፒስቶኑ በእውነት ይበላል፤ መዋጮውም የግድ ይሆናል።

ጭስ ቢያበዛና ቢያንቋርር አትደንግጡ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል። ብሎኑን ግን ሁሉም እየመጣ አያዙር፤ ቤንዚን ከሚገባው በላይ ከቀነሰ ሞተሩ ግሎ ይቃጠላል። ትንሽ ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ የሰልባትዮውን ክዳን ላላ አድርጉት፤ ከዳነ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ጉልበት ካነሰው የማርሚታውን ወንፊት ከጥላሸት ማጽዳት ነው።

አንድ ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት ክሩ ሲያልቅ ሽቦ የተጠመደበት ጊዜ ነበር። እንዴ! ሽቦ ተበጥሶ እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው፤ ልጆቻችን እዚያው ነው የሚጫወቱት። ናይለን ክር ብቻ፣ ዓይንም በመነጽር።

እንግዲህ መዋጮው ይቆይና ለክር፣ ለካንዴላና ለዘይት ብቻ ከማኅበሩ ሣጥን ይፈቀድ እንላለን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሞተሩን እናስነሳለን። ድብልቁን መማር የሚፈልግ ይምጣ፤ ሲጋራውን ግን እቤቱ ትቶ።