በአንገታችን ውስጥ ስላሉት አራት ጥቃቅን ዕጢዎች
(ለእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እንቅርት የማያውቅ በመካከላችን የለም። ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ግን ከእንቅርቱ ዕጢ፣ ከታይሮይድ ጀርባ ስለተለጠፉት፣ ብዙውን ጊዜ አራት ስለሆኑትና መጠናቸው የምስር ፍሬ ስለሚያክል ዕጢዎች ነው። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን ይልካሉ፤ ሲበቃ ዝም ይላሉ።

አንዱ አብጦ ዝም አልል ያለ እንደሆነ ግን ካልሲየሙን ከአጥንት እየሸረሸረ ወደ ደም ያስገባዋል። አጥንት ይሳሳል፣ ኩላሊት ጠጠር ይቋጥራል፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ሆዱ ይደርቃል። አንገቱ ቢዳሰስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይገኝም። ታዲያ ሰዉ «እርጅና ነው፣ ብርድ ነው» እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ጠጠር የተደጋገመበት ወይም በትንሽ መውደቅ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ካለ፣ ሐኪሙን «ካልሲየሜ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

በሽታው የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ሳለ ሆርሞኑ መውረድ ሲገባው ካልወረደ ጥርጣሬው በዕጢው ላይ ይወድቃል። በዘር የሚወርድ፣ ቀዶ ሕክምና የማይሻ ተመሳሳይ ሁኔታ ስላለም ሽንት ይመረመራል። አልትራሳውንድ የሚነሣው ዕጢው የት እንዳለ ለቀዳጁ ለማሳየት እንጂ በሽታው አለ የለም ለማለት አይደለም። ይህቺን አደራ ያዙልን!

የቦታውን ነገር ማቃለል አይገባም። የመጀመሪያው የታወቀ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1925 በቪየና በፌሊክስ ማንድል ተደረገ። ቻርልስ ማርቴል የሚባል አሜሪካዊ የመርከብ ካፒቴን አጥንቱ ሳስቶ ቁመቱ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠረ። ስድስት ጊዜ ቀደዱት፣ የታመመው ዕጢ ጠፋ። በሰባተኛው፣ በ1932፣ ቦስተን ላይ ደረቱ ቢከፈት እዚያ ተሸሽጎ ተገኘ! ምን ያደርጋል፣ ኩላሊቱ በጠጠር ተጎድቶ ኖሮ ከሳምንታት በኋላ አረፈ።

ዛሬ በለመደ እጅ ከተሠራ ከመቶው ከ95 በላይ ይድናል። አብዛኛውን ጊዜ የታመመው አንድ ብቻ ስለሆነ እሱ ይወጣል፣ የቀሩት ሥራውን ይይዛሉ። ሆርሞኑ እዚያው ተለክቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ በላይ ከወረደ ትክክለኛው ወጥቷል ማለት ነው። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ቀዳጁን ስንት እንደሠራ መጠየቅ ነውር የለውም። ቤት ከገቡ በኋላ ከንፈርና ጣት ቢነዝር ካልሲየም ወርዶ ይሆናልና፣ «ይለፍልኛል» ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መመለስ ነው።