ሁለት ዛፍ ላይ
በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን፣ ጎንደር ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ትንሽ አውሪልን» ሲሉኝ፣ «ስለ የትኛው ሥራዬ?» አልኳቸው። ትስቃላችሁ፤ የምትስቁት ስለምታውቁት ነው። በአንድ ደመወዝ ብቻ የሚኖር ሐኪም እጁን ያውጣ ብል፣ ብዙ እጅ የማይ አይመስለኝም። ከሥራ ሰዓት በኋላ ማን የት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስብሰባ ላይ ግን ማንም አያነሣውም። ዛሬ ላንሣው።

አያቴ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ግን አያቴ የቤት ኪራይ ከፍላ አታውቅም። እኔ ቀን የመንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ በሳምንት አራት ምሽትና ቅዳሜ ደግሞ የግል ክሊኒክ እሠራ ነበር። ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ የእናቴ መድኃኒት አለ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የገበያው ዋጋ ሮጠ፤ ደመወዛችን እያነከሰ ከኋላ ተከተለው። ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ የያዘን ሐኪም «ስግብግብ» የሚል ሰው ቤቱን መጥቶ ቢያይልኝ ደስ ይለኛል።

ግን ሒሳቡን ስንሠራ ገቢውን ብቻ ነው የምንጽፈው። ወጪውን የጻፍኩበትን ቀን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ነው። ሌሊቱን ዲዩቲ አድሬ፣ ጠዋት ራውንድ አድርጌ፣ 11 ሰዓት ላይ ክሊኒክ ገባሁ። አንድ አባት ሳል ይዟቸው መጡ። ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ አሞክሲሲሊን ጻፍኩ፣ ቀጣዩን ጠራሁ። ነርሷ ካርዱን ይዛ ተመለሰች። «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም ይላል።» አየሁት። ጽሑፉ የራሴ ነበር፤ ከሦስት ወር በፊት እኔው ነኝ የጻፍኩት። መድኃኒቱን ቀየርኩ። ሰውየው ምንም ሳያውቁ መርቀውኝ ወጡ። እኔ ማታ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ተቀመጥኩ።

በ1997 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ 24 ሰዓት ገደማ ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ ደሙ ውስጥ 0.1 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ! ጠጥቶ የመጣ ሐኪም ብናይ እናስወጣዋለን፤ ሳይተኛ የመጣውን ግን «ጎበዝ፣ ታታሪ» እንለዋለን።

ሌላም ወጪ አለ። ክሊኒክ ሆኜ ሬዚደንቴ ሲደውል «ትንሽ ቆይቼ ልደውልልህ» ያልኩት ስንቴ ነው? እሱ ከእኔ የሚማረው ሌክቸር ላይ የምለውን ብቻ አይደለም፤ ስንት ሰዓት እንደምወጣም ያያል። ነገ እሱም እንደዚያው ይወጣል።

ይህ ትምህርት ቤት በ1947 ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አብረው እንዲሠሩ አድርጎ ነው ያሠለጠነው። እኛም በቲም ትሬኒንግ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደን አንድ ላይ በልተናል፣ አንድ ላይ ሠርተናል። ያኔ የጫማ ጭቃው ነበር ትዝ የሚለኝ። አሁን የሚገባኝ፣ ያ አባት የተረፉት አንዲት ነርስ ዶክተሯን ለማረም ስላልፈራች ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሮጥ ሐኪም ግን በሁለቱም ቤት እንግዳ ነው፤ እንግዳን ደግሞ ማንም ደፍሮ አያርምም።

እኔ ምን አደረግሁ? ሁለተኛ ሥራዬን አልተውኩም፤ አልችልም። ግን ዲዩቲ ባደርኩ ማግሥት ክሊኒክ አልገባም። ሁለቱን ምሽት ወደ ሆስፒታላችን ፕራይቬት ዊንግ አዛወርኩ፤ ክፍያው ያንሳል፣ ግን መንገድ የለውም፣ ሬዚደንቴም ሲፈልገኝ ደረጃ ወጥቶ ያገኘኛል። በጎደለው ገንዘብ ምክንያት የትንሹን ልጄን ትምህርት ቤት ቀይረናል። ቀላል አልነበረም፤ እሱም እስካሁን የድሮ ጓደኞቹን ይጠይቀኛል።

ሦስት ነገር ልለምናችሁ። ክሊኒክ ያላችሁ፣ ሐኪም ስትመድቡ «ትናንት የት አደርክ?» ብላችሁ ጠይቁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር በግልጽ ጻፉትና ፕሮግራሙን በእሱ ላይ አውጡ፤ ተደብቆ የሚሠራ ሰው ደከመኝ አይልም። ደመወዝ የሚወስኑትም ይህን ወጪ በሽተኛው እየከፈለው እንደሆነ ይወቁልን።

ጓደኞቼ፣ ሁለት ዛፍ ላይ መውጣታችን ካልቀረ፣ ቢያንስ ከሥር ማን እንደቆመ እንይ።