ካሜራ ምስክር ነው፤ ምስክርም ይጠየቃል
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የሲኒማ ማኅበር የተደረገ ንግግር



 የመረጥነው ርእስ በኤውሮፓ አገሮች ስለ ተሠሩ ስመ ጥር ዘጋቢ ፊልሞች ነው። ብዙዎቻችን ሲኒማ ሲባል ወዲያው የሚታየን ሽጉጥ የሚተኩስ ጀግና ወይም የምታለቅስ ሙሽራ ነው። ዛሬ የምንናገርለት ግን ሌላ ዓይነት ፊልም ነው፤ ይኸውም ተዋናይ ሳይቀጠርለት ዓሣ አስጋሪው ራሱን፤ መምህሩም ራሱን ሆኖ የሚታይበት ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህን ርእስ የመረጥነው የፊልሞችን ስም ለመቁጠር ብቻ አይደለም። ልብ ወለድ መሆኑን የምናውቀውን ፊልም ስናይ ልባችን ይጠነቀቃል፤ እውነት ነው የተባለውን ስናይ ግን ያለ ጥያቄ እንቀበለዋለን። አባቶቻችን በችሎት ፊት «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲሟገቱ፤ «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውን ምስክር እንኳ ዝም ብለው አያምኑትም ነበር። የት ቆመህ አየህ? ማን አመጣህ? ከባለ ጉዳዮቹስ ከማን ጋር ትዛመዳለህ? እያሉ ይመረምሩት ነበር። ካሜራም እንዲሁ ምስክር ነው። ስለዚህ ጥቂቶቹን ፊልሞች አንድ በአንድ ወደ ችሎቱ አቅርበን ልንጠይቃቸው አስበናል።

በመጀመሪያ የምናቀርበው ከሁሉ የሚያጥረውን ነው። በ1895 ሉዊ ሉሚዬር የተባለው ፈረንሳዊ በሊዮን ከተማ በቤተ ሰቡ ፋብሪካ በር ፊት ለፊት ካሜራውን አቁሞ፤ ሠራተኞቹ ከሥራ ሲወጡ አነሣቸው። ፊልሙ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን በፓሪስ ግራን ካፌ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ከታዩት 10 አጫጭር ፊልሞች አንዱ ይህ ነበር። ሰው ከበር ሲወጣ ከማሳየት የሚቀልል ምን አለ? ሆኖም የዚህ ፊልም ቢያንስ 3 የተለያዩ ዓይነቶች መኖራቸው ይታወቃል፤ ሠራተኞቹ በተለያየ ጊዜ በዚያው በር ደግመው ወጥተዋልና። እንግዲህ ዘጋቢ ፊልም ገና በተወለደበት ዓመት እንኳ ካሜራው ወዴት ይቁም፤ መቼ ይጀምር፤ የትኛው ይታይ ብሎ የመረጠ ሰው ከኋላው ነበረ።

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን፤ የምናየው ነገር በራሱ የሆነ ነው ወይስ ለካሜራው ሲባል የተደረገ? የሚል ነው። በ1934 በትውልዱ አሜሪካዊ የሆነው ሮበርት ፍላኸርቲ ለእንግሊዝ ኩባንያ «የአራን ሰው» የተባለውን ፊልም ሠራ። አራን ከአየርላንድ በስተ ምዕራብ የሚገኙ ድንጋያማ ደሴቶች ናቸው። ሰዎቹ በዓለቱ ላይ የባሕር ሣርና አፈር እያነጠፉ ድንች ሲተክሉ፤ በትንንሽ ጀልባም ከማዕበል ጋር ሲታገሉ እናያለን። እጅግ የሚያስደንቀው ክፍል ታላላቅ ሻርኮችን በጦር ሲያድኑ የሚታዩበት ነው። ነገር ግን ይህ አደን በደሴቶቹ ከቀረ ብዙ ዘመን አልፎት ስለ ነበር፤ አሠራሩን ለሰዎቹ እንደ ገና ማስተማር አስፈልጎ ነበር። አባት፤ እናትና ልጅ ሆነው የሚታዩትም በእውነት አንድ ቤተ ሰብ አልነበሩም።

ታዲያ ፊልሙ ሐሰት ነው ብለን እንጣለው? እኛ እንዲህ አንልም። ማዕበሉ እውነተኛ ነው፤ በጀልባዋ ላይ ያሉት ሰዎች ብርታትም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሻርክ አደኑ የሚመሰክረው ስለ ቀደሙት አያቶች እንጂ ፊልሙ ስለ ተሠራበት ዘመን አይደለም። ይህን ያወቀ ተመልካች ፊልሙን እያደነቀ ሳይታለል ይወጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ምስክሩን ያመጣው ማን ነው? የሚል ነው። በ1935 አርተር ኤልተንና ኤድጋር አንስቲ የተባሉ እንግሊዛውያን «የመኖሪያ ቤት ችግር» የሚባል አጭር ፊልም አወጡ። በለንደን የተጎሳቆሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ድሆች በገዛ ቤታቸው ቆመው፤ ስለ ትኋኑ፤ ስለ አይጡ፤ ስለ ፈራረሰው ግድግዳ በራሳቸው አፍ ሲናገሩ ይሰማል። ድሃ ስለ ራሱ ችግር በራሱ ቃል ሲናገር በፊልም ማሰማት በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። የፊልሙን ወጪ የከፈለው ግን የጋዝ ሻጮች ማኅበር ነው። አዳዲስ ቤቶች ቢሠሩ የጋዝ ምድጃ የሚገባባቸው ስለ ሆነ፤ ማኅበሩ በጉዳዩ የራሱ ጥቅም ነበረው። ይህ የሴትዮዋን አይጥ ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ማወቅ የተመልካች ድርሻ ነው።

በዚያው ዓመት በጀርመን አገር የወጣው ፊልም ደግሞ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ያሳያል። ሌኒ ሪፈንሽታል የተባለችው አዘጋጅ የናዚ ፓርቲ በ1934 በኑረምበርግ ያደረገውን ስብሰባ «የፈቃድ ድል» በሚል ስም በፊልም አቀረበች። ለካሜራ ሲባል የባቡር ሐዲድ የመሰለ መስመር ተዘርግቶ፤ በባንዲራ ምሰሶ ላይም አሳንሰር ተሠርቶ ነበር። ሰልፉ፤ ችቦው፤ እልልታው ሁሉ በእርግጥ በዚያ ቦታ የተደረገ ነው። እርስዋም ከጦርነቱ በኋላ እስከ ዕለተ ሞትዋ እስከ 2003 ድረስ የሆነውን ብቻ እንደ መዘገበች ትናገር ነበር። ዳሩ ግን ፊልሙ የተሠራው በሂትለር ትእዛዝ ነው፤ ሰልፈኛውን እንጂ የታሰረውንና የተሰደደውን አያሳይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል በእርግጥ የተነሣ ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ታላቅ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ፊልም እንማራለን።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ያልታየው ምንድን ነው? የሚል ነው። በ1956 የወጣው «ሌሊትና ጭጋግ» የተባለው የፈረንሳይ ፊልም 32 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም፤ ያየው ሰው አይረሳውም። አላን ሬኔ ጦርነቱ ካበቃ ከ10 ዓመት በኋላ ባዶ የቀሩትን የናዚ ማጎሪያዎችና ሣር የበቀለበትን መሬት በቀለም አንሥቶ፤ በዚያ የተፈጸመውን ግፍ ከሚያሳዩ የጥንት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ጋር አቀናጀው። ንባቡን የጻፈው ዣን ካይሮል ራሱ ከማጎሪያ የተረፈ ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ በአንድ የፈረንሳይ ማጎሪያ አንድ ፈረንሳዊ ዘበኛ ቆሞ የሚታይበት ፎቶግራፍ ነበረ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ይህን እንዳዩ የዘበኛው ቆብ እንዲሸፈን አዘዙ፤ ተሸፈነም። የጀርመን ግፍ ይነገር ዘንድ ተፈቀደ፤ የፈረንሳይ እጅ ግን እንዲታይ አልተፈቀደም። የተሸፈነችው አንዲት ቆብ ናት፤ ነገር ግን የአንድ አገር ኀፍረት በእርስዋ ሥር ተደብቆ ነበር። በኋላ ዘመን መጋረጃው ተነሥቶ ቆቡ እንደ ገና ታይቷል።

በዚሁ በ1956 ዓመት ምንም ሳይደብቅ ራሱ ላይ የመሰከረ ፊልም ደግሞ አለ። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ሉዊ ማል የሠሩት «ዝምተኛው ዓለም» በካን የፊልም በዓል የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ዘጋቢ ፊልም ነው። «ካሊፕሶ» በምትባል መርከብ ከተጓዙባቸው ባሕሮች አንዱ የእኛው ጎረቤት ቀይ ባሕር ነው። ብዙ ሰዎች የባሕርን ውስጥ በቀለም ያዩት በዚህ ፊልም ነው። ነገር ግን መርከበኞቹ ዓሦቹን ለመቁጠር ሲሉ የባሕሩን ድንጋይ በድማሚት ሲያፈነዱ፤ በቁጣም ሻርኮችን ሲፈጁ ይታያሉ። ያን ጊዜ ይህ ነውር መስሎ ስላልታያቸው ሳይቆርጡ አሳዩት። ኩስቶ በኋላ ባሕር እንዳይበከል ከሚሟገቱት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሆኗል። እንግዲህ ፊልም አዘጋጁ ሊናገር ያላሰበውን ነገር ጭምር ለሚመጣው ትውልድ ይናገራል።

አራተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ፤ ለተነሣው ሰው የሚገባው ዕዳ ምንድን ነው? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለእኛ ለተማሪዎች ቅርብ ነው፤ አንዱ ምሳሌው ስለ ትምህርት ቤት ነውና። ኒኮላ ፊሊቤር በ2002 ያወጣው «ኤትር ኤ አቯር» ስሙን የወሰደው የፈረንሳይ ልጆች አስቀድመው ከሚማሩአቸው ሁለት ግሦች ነው። በኦቬርኝ ተራሮች መካከል በምትገኝ ትንሽ መንደር አንድ መምህር የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ጥቂት ልጆች በአንድ ክፍል ያስተምራል። ከበረዶው ወራት እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ ትልቅ ድርጊት የሚባል ምንም አይደረግም፤ ልጅ ፊደል ይጽፋል፤ ሁለት ልጆች ይጣላሉ፤ መምህሩ ያስታርቃል፤ ቁጥር እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ ከአንድ ሕፃን ጋር ይነጋገራል። ፊልሙን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በሲኒማ ቤት አየው። ከዚያ በኋላ መምህሩ ከተገኘው ገንዘብ ድርሻ ይገባኛል ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን አልተቀበሉትም። በሕግ በኩል ጉዳዩ አልቋል። በኅሊና በኩል ግን፤ ሰው ሥራውንና ፊቱን ሰጥቶ ሌላው ሲጠቀምበት ምን ይባላል? የሚለውን ጥያቄ ለእናንተ እንተወዋለን።

ከሰሜን መቄዶንያ በ2019 የወጣው «የማር አገር» በዚህ ረገድ የሚያጽናና ነው። ሐቲጄ ሙራቶቫ የተባለች ሴት መብራትና መንገድ በሌለው መንደር አረጋዊት እናትዋን እየጦረች ንብ ታረባለች። ሕግዋ አንድ ነው፤ ማር ስትቆርጥ ግማሹን ለራስዋ ትወስዳለች፤ ግማሹን ለንቦቹ ትተዋለች። ጎረቤት ሆኖ የመጣው ቤተ ሰብ ግን ለነጋዴ ብሎ ማሩን ሙልጭ አድርጎ ስለ ቆረጠ፤ የተራቡት ንቦች የእርስዋን ቀፎ ወርረው አጠፉት። አዘጋጆቹ ታማራ ኮቴቭስካና ሉቦሚር ስቴፋኖቭ 3 ዓመት ያህል እየተመላለሱ አነሡአት፤ ከተገኘውም ሽልማት ሰው ካለበት መንደር ቤት ገዙላት። ግማሹ ለአንተ፤ ግማሹ ለእኔ የሚለው የንብ ሕግ ለፊልም ሠሪም የሚስማማ መሆኑን በሥራቸው አሳዩ።

በመጨረሻ የምናቀርበው ፊልም ከእኛ አካባቢ ሰዎች ኀዘን ጋር የተሳሰረ ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ በምትባለው የኢጣልያ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ስደተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹም ኤርትራውያን ነበሩ። በአሥመራ የተወለደው ጃንፍራንኮ ሮሲ ወደዚህች ደሴት ሄዶ ከአንድ ዓመት በላይ ኖረባትና «እሳት በባሕር ላይ» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ በ2016ም በበርሊን የወርቅ ድብ ተሸለመበት። በፊልሙ ውስጥ በወንጭፍ የሚጫወት የ12 ዓመት የደሴቲቱ ልጅ አለ። አንዱ ዓይኑ ሰነፍ ስለ ሆነበት፤ ሐኪም ደኅናውን ዓይን በመነጽር ሸፍኖ ሰነፉ እንዲሠራ ያስገድደዋል። በዚያው ደሴት በሌላው ዳር ሰዎች ከባሕር ይወጣሉ፤ በሕይወትም፤ ሞተውም። ልጁና ስደተኞቹ አይገናኙም። አዘጋጁ ተመልካቹን አይወቅስም፤ ነገር ግን የእኛም ዓይን ያልለመደውን ማየት እንዲጀምር ያስገድደዋል።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው የኤውሮፓን ፊልም ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ዛሬ ካሜራ የሌለበት ኪስ ጥቂት ነው። ከእኛ መካከል ጠብ ሲነሣ ከመገላገል አስቀድሞ ስልኩን የሚያነሣ አለ፤ የወደቀን ጓደኛ አንሥቶ ለመሳቂያ የሚያሰራጭም አይጠፋም። ይባስ ብሎ ከቶ ያልሆነውን እንደ ሆነ አስመስሎ የሚሥል መሣሪያ በየእጁ ገብቷል። የቀድሞው ተማሪ ተመልካች ብቻ ነበር፤ የዛሬው ግን ተመልካችም ምስክርም ሆኗል። ስለዚህ አራቱን ጥያቄዎች የሌላውን ሥራ ስናይ ብቻ ሳይሆን፤ የራሳችንን ከመላካችን በፊት ልንጠይቃቸው ይገባል፤ ይህ በእርግጥ ሆኗል? ለማን ጥቅም ነው? ምን ሸፈንኩ? የተነሣው ሰውስ ፈቅዷል?

መምህሮቻችን በወር አንድ ጊዜ አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳይተው እንድንከራከርበት እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንለምናለን። ወላጆቻችንም የአያቶቻችንን ሥራና ንግግር አክብረንና አስፈቅደን ስናነሣ እንዲረዱን እንጠይቃለን። ሸማኔው ከመወርወሪያው፤ ገበሬው ከሞፈሩ ጋር ሳለ የሚመሰክርለት ልጅ ያስፈልገዋልና። ውሸት ከማይናገር ካሜራ ይልቅ ውሸት የማይወድ ሰው ይበልጣል፤ ትምህርት ቤታችንም የቆመው እንዲህ ያለውን ሰው ለማፍራት ነው።