የፀሐይ መብራት ባትሪ ቶሎ የሚሞተው ለምንድን ነው?



የፀሐይ መብራት ገዝቶ ኩራዙን የሰቀለ ቤት ብዙ ነው። ከዓመት በኋላ ኩራዙን መልሶ ያወረደውም ጥቂት አይደለም። «መብራቱ ሞተ» ይባላል። ሲፈተሽ ግን ብዙ ጊዜ ፓኔሉም አምፖሉም ደህና ናቸው፤ የሞተው ባትሪው ነው። ባትሪውን ደግሞ በአብዛኛው የሚገድለው አያያዝ ስለሆነ፣ የዕቃውን አሠራር ማወቅ ገንዘብ ማዳን ነው።

በፓኔሉ መስታወት ሥር የሚታዩት ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቁራጮች ሴል ይባላሉ። የተሠሩትም በአሸዋ ውስጥ ከሚገኘው ሲሊከን ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው በውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይለቀቁና ወደ አንደኛው ገጽ ይገፋሉ፤ በሽቦ መንገድ ሲያገኙም ይፈስሳሉ። ኤሌክትሪክ የሚባለው ይኸው ነው፤ ነዳጅም የሚሽከረከር ሞተርም የለበትም። ለሥራ የበቃው የመጀመሪያው የሲሊከን ሴል በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ይፋ ሲሆን፣ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 እጅ ያህል ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ 20 እጅ ገደማ ደርሰዋል።

አንድ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ስለሆነ ብዙዎቹ ተከታትለው ይያያዛሉ። ይህ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ከተደፈነ ከታች ያለው ማሳ ሁሉ ይጠማል። በአንዱ ሴል ላይ ያረፈ የቅጠል ጥላ ወይም የወፍ ኩስም የሌሎቹን ኃይል ይዞ ያስቀራል። በመሆኑም ፓኔሉ ከባሕር ዛፍ ጥላ ይራቅ፤ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ በአመድ አይፈተግ።

ፓኔሉ ማሳ፣ ባትሪው ጎተራ ነው እንበል። የ3 ዋት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ 5 ሰዓት ቢሠራ 15 ዋት ሰዓት ያመርታል። የሚባክነው ሲቀነስ ጎተራ የሚገባው 10 ያህል ነው። 1 ዋት የሚወስድ አምፖል በዚህ 10 ሰዓት ይበራል። ባለ ቁልፍ ሞባይል ለመሙላት ግን 5 ዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ የምሽቱን መብራት ግማሽ ሞባይሉ በላው ማለት ነው። ስማርት ስልክማ ሁሉንም ጠጥቶ ላይጠግብ ይችላል። የጎረቤት ሞባይል ሲሞላ ከዋለ፣ ልጁ ደብተሩን ሲከፍት ቤቱ ይጨልማል፤ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ ከዚህ ዕቃ እንጀራ የሚጠብቅም አይኑር።

አሁን የሚመጡት መብራቶች በአብዛኛው የሊቲየም ባትሪ የያዙ ናቸው። የዚህ ባትሪ ጠላቶች ሙቀትና ባዶውን መቀመጥ ናቸው። ፓኔሉ ከመብራቱ የሚለይ ከሆነ ፀሐይ ላይ የሚወጣው ፓኔሉ ብቻ ነው፤ መብራቱ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ፓኔሉም ራሱ ሲግል ኃይሉ ስለሚቀንስ ከቆርቆሮው ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነፋስ ያግኝ። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ማለቱ ይበጃል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ «ፀሐይ የለም» ተብሎ መብራቱ ባዶውን ጥግ ይሰቀላል፤ መስከረም ላይ ሲወርድ ባትሪው አልቆለታል። በደመና ቀንም ጥቂት ይሞላልና በየቀኑ ይውጣ፤ ማታ ደግሞ በዝቅተኛው ብርሃን ይብራ።

ስለ ግዢም አንድ ነገር መነሳት አለበት። በገበያ ቀን መንገድ ዳር የተገዛ መብራት ቢበላሽ ሻጩ በሚቀጥለው ገበያ ላይገኝ ይችላል። በዓለም ባንክ ቡድን ሥር ላይቲንግ ግሎባል በሚል ተጀምሮ ዛሬ ቬራሶል በሚል ስም የሚካሄደው የጥራት ምርመራ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ዋስትና ለማስከበር ይቸግረዋል፤ 200 መብራት በአንድ ጊዜ የሚገዛ ማኅበር ግን በውሉ ላይ ማጻፍ ይችላል። የመለወጫ ባትሪ አቅርቦትም አብሮ ይጻፍ። ያረጀው ባትሪ እሳት ውስጥ ቢጣል ስለሚፈነዳ፣ አዲሱን ሲወስዱ አሮጌውን ለማኅበሩ መጋዘን ያስረክቡ።