ትሕትናችንን በእንግሊዝኛ



አማርኛ ትሕትናውን በግሱ ውስጥ ይዟል፤ «ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ አብሮ አለ። እንግሊዝኛ ግን ለትልቁም ለትንሹም «ዩ» ነው። አሜሪካ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ላይ ሳለን «ጊቭ ሚ ሰንደይ ኦፍ» አልን፤ እኛ የለመንን መሰለን፣ አለቃችን ግን ትእዛዝ ሰሙ። ፊታቸው ሲለወጥ አፍረን ዝም ማለት ለመድን። በሽተኛ ለብቻችን አንስተን ወገባችን የተጎዳው «አግዙኝ» ማለት ፈርተን ነው።

በእንግሊዝኛ አክብሮቱ ከፊት ይቀድማል፦ «ኩድ ዩ ሄልፕ ሚ፣ ፕሊስ?» «ዉድ ዩ ማይንድ ሄልፒንግ ሚ?» ስንል ደግሞ «ኖ» ቢሉን አንደንግጥ፤ «ግድ የለኝም፣ አግዛለሁ» ማለታቸው ነው።

ወገባችን ሳይጎዳ አፋችንን እንፍታ። ከቡናው በፊት ሁለት ሁለት ሆነን እንለማመድ።