አንድ ጉዳይ፣ ብዙ ስም፦ ርእሰ ጉዳያዊ ኢንዴክሲንግ በንድፈ ሐሳብና በተግባር፣ ጋምቤላን እንደ አብነት



ንግግሬን በአንድ ሰነድ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አንድ ውል ተፈራረሙ። የውሉ አራተኛ አንቀጽ በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር የማይረዝም፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ይሆን ዘንድ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣቢያው ሲመሠረት ግን ቦታው ኢታንግ አልሆነም፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ዛሬ የተሰበሰብንበት ጋምቤላ ሆነ። እንግዲህ ይህችን የወደብ ከተማ ያስገኘው አንቀጽ የከተማዪቱን ስም አይጠራም። «ጋምቤላ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ የከተማውን የልደት ወረቀት አያገኘውም ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ውሉ በታሪክ የሚታወቀው በድንበሩና በዐባይ ውኃ ጉዳይ ነው። ካታሎግ የሚሠራ ባለሙያ «ኢትዮጵያ፣ ድንበር» እና «ዐባይ፣ የውኃ አጠቃቀም» ብሎ ቢመዘግበው ማንም አይወቅሰውም። ሆኖም አራተኛው አንቀጽ ተሰውሮ ይቀራል።

በሙያችን ኢንዴክሲንግ የምንለው ሥራ ሁለት እርምጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ሰነዱን መርምሮ «ይህ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ለተገኘው መልስ ፈላጊው ሊደርስበት የሚችል ስም መስጠት ነው። በመጀመሪያው እርምጃ የሚያሳስበን ጥልቀት ነው፤ የሰነዱን ዋና ጉዳይ ብቻ እንይዛለን ወይስ እስከ አንቀጹ ድረስ እንወርዳለን? በሁለተኛው የሚያሳስበን የስሙ ልክ ነው፤ ስሙ ከጉዳዩ ሰፍቶ ወይም ጠብቦ አንዳይገኝ። የ1902ቱ ውል በመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚፈጠረውን ጉድለት ያሳየናል። በሁለተኛው ላይ የሚፈጠረውን ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ያሳየን።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአኝዋሃ ተዋጊዎችን ይዞ በዚህ አካባቢ ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል። ይህንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ የጦር ሠራዊት መጽሔት ላይ አወጣው። የጽሑፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በአኮቦና በጊላ ወንዞች የተደረጉ ዘመቻዎች፣ 1940–41» የሚል ነው። በርእሱ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ጋምቤላ የለችም፤ አኝዋሃ የለም፤ ጣሊያንም የለም። ጊሎ ወንዝ እንኳ «ጊላ» ተብሎ ተጽፏል። የዚሁ ደራሲ የ1940 መጽሐፍ ደግሞ ስለ አኝዋሃ የፖለቲካ ሥርዓት የሚናገር ሲሆን፣ በርእሱ ሕዝቡን «የእንግሊዝና የግብፅ ሱዳን» አኑዋክ ይለዋል። በርእስ ብቻ የሚመራ ካታሎግ መጽሐፉን ወደ ሱዳን መደርደሪያ ይወስደዋል፤ ድንበር ተሻግሮ የሚኖረው ሕዝብም በመደርደሪያው ላይ ለሁለት ይከፈላል።

የባሕሩ ዘውዴም ሥራዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጽሑፍ የጋምቤላን ንግድ በርእሱ ስለሚጠራ ማንም ያገኘዋል። ከ1898 እስከ 1935 በምዕራብ ጠረፍ ስለነበረው የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ግን ጋምቤላን በርእሱ አያነሣም። የጠረፉን ንግድ የሚያጠና ተማሪ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ ርእስ እያየ የሚፈልግ ግን አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

የዘመናችን ተማሪ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኮምፒዩተሩ ሙሉውን ጽሑፍ ያነብ የለም ወይ?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀላሉም አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1876 ቻርልስ ካተር የካታሎግ ደንቡን ሲያወጣ፣ ካታሎግ ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያለውን ሁሉ ማሳየት አለበት ብሎ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ሲሪል ክሌቨርደን በክራንፊልድ ይህን ነገር በሙከራ መዘነው። መለኪያዎቹ ሁለት ነበሩ፦ ከሚፈለጉት ሰነዶች ምን ያህሉ ተገኙ፣ ከተገኙትስ ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ የሚፈለጉ ናቸው? የመጀመሪያውን ሪኮል፣ ሁለተኛውን ፕሪሲዥን እንለዋለን። ውጤቱ ብዙ ባለሙያዎችን አስደነገጠ። ከጽሑፎቹ በቀጥታ የተወሰዱ ነጠላ ቃላት፣ በባለሙያ ተመርጠው ከተዘጋጁት የቃላት ዝርዝሮች የሚያንስ ውጤት አላመጡም። በ1972 ካረን ስፓርክ ጆንስ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል በሁሉም ከሚገኝ ቃል የበለጠ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አሳየች። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የፍለጋ ሥርዓቶች ከዚህ ሐሳብ ብዙ ወርሰዋል።

ነገር ግን የክራንፊልድ ሙከራ በምን ላይ እንደተሠራ ልብ እንበል። 1,400 ያህል ጽሑፎች፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ በዋናነትም በኤሮዳይናሚክስ ላይ። ጸሐፊውና ፈላጊው የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው፤ አንዱ የሚጽፈውን ቃል ሌላው ይጠይቃል። ጋምቤላ የዚህ ተቃራኒ ናት። ስለ እርሷ የተጻፈው በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በአኝዋሃና በኑዌር ቋንቋዎች ነው። ጸሐፊው አንድ ጊዜ የሱዳን ሹም፣ አንድ ጊዜ የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ፣ አንድ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ቃሎቻቸው አይገናኙም። በጽሑፉ ውስጥ የሌለ ቃል ደግሞ ምንም ዓይነት ስሌት ቢሠራለት ክብደቱ ዜሮ ነው።

በአማርኛ የተጻፈውን ብቻ እንኳ ብንወስድ ችግሩ አይቀልም። አንዱን ሕዝብ አኝዋክ፣ አኙዋክ፣ አኙዋ፣ አኝዋሃ ተብሎ እናገኘዋለን፤ በቆዩ ጽሑፎችም ያምቦ የሚል ስም አለ። ሌላውን መዠንግር፣ መጃንግ፣ በድሮ ጽሑፎች መሰንጎ ተብሎ እናገኘዋለን። የባሮ ወንዝ ራሱ በአኝዋሃ ኡፔኖ ነው። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየተለዋወጡ ይጻፋሉ። «በጋምቤላ»፣ «ከጋምቤላ»፣ «የጋምቤላ» የሚሉት ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳተሙት ያለ የአማርኛን ቃል ወደ ግንዱ የመመለስ ሥራ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። የዘመን አቆጣጠሩንም አንርሳ፤ እኛ የ1977ቱ ድርቅ የምንለውን የውጭው ጽሑፍ የ1984 ረኃብ ይለዋል። ፊደሉንና ቅጥያውን ማሽን ሊያስተካክለው ይችላል። ያምቦና አኝዋሃ አንድ መሆናቸውን ግን አንድ ሰው አስቀድሞ መዝግቦ ካላስቀመጠው ፊደል ከማመሳሰል ብቻ የሚገኝ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። በወጣትነቴ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ካርድ ስጽፍ፣ «ሰፈራ» በሚል አንድ ርእስ ሥር ብዙ ሰነድ አጨቅሁ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ ወደ ጋምቤላ ስለተጓጓዙት ገበሬዎች የሚናገረው እዚያ ገባ። ስለ መንደር ምሥረታ የሚናገረውም፣ በኢታንግ ስለነበሩት የሱዳን ስደተኞች የሚናገረውም እዚያው ገባ። ሦስቱም ሰዎች ከቦታ ቦታ የተንቀሳቀሱባቸው ጉዳዮች ናቸውና አንድ መሰሉኝ። በኋላ አንድ ሰው ቤተሰቡ ከወሎ የመጣበትን ዘመን ሊያጠና መጥቶ የካርዶቹን ክምር ሲገላብጥ ውሎ ባዶ እጁን ሄደ። ሰነዱ ግን ነበረ። ያን ቀን የተማርኩት፣ የተሳሳተ ስም ሰነድን ከማቃጠል ብዙም እንደማይለይ ነው።

ይኸው ቃል ዛሬም ይፈትነናል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተካሄደውን መርሐ ግብር የመንግሥት ሰነድ «መንደር ማሰባሰብ» ይለዋል፤ ተቺዎች «በግዳጅ ማፈናቀል» ይሉታል። ሰፋፊ የእርሻ መሬቶችን ለባለሀብት መስጠቱን አንዱ «ኢንቨስትመንት»፣ ሌላው «የመሬት ቅርምት» ይለዋል። ኢንዴክሰሩ ዳኛ አይደለም። በአንዱ ወገን ቃል ብቻ ሲመዘግብ ግን ሳያውቀው ፈርዷል፤ የሌላውን ወገን ቃል ይዞ የመጣ አንባቢ በሩ ተዘግቶበታልና። መፍትሔው ቃል አልባ መሆን አይደለም። ሁለቱም ቃላት ወደ አንድ ቦታ እንዲመሩ ማድረግ፣ የተመረጠው ስም ምን ምን እንደሚያጠቃልልም በአጭር መግለጫ መጻፍ ነው።

የሕዝብ ስም ሲሆን ምርጫው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚመረጠው ስም ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ቢሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህ ማለት ግን የቀድሞዎቹን ስሞች ከመዝገቡ መፋቅ አይደለም። አሮጌው ስም ቢያስከፋም አሮጌው ሰነድ የሚገኘው በእርሱ ነው፤ ስለዚህ «ያምቦ» ብሎ የፈለገ «አኝዋሃ ተመልከት» ተብሎ ይመራል። ስሙ ከፊት ይነሣል እንጂ ከታሪክ አይጠፋም።

ከእናንተ የምለምነው ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የጋምቤላን ርእሰ ጉዳዮች የያዘ የስም መዝገብ እንጀምር። በአምስቱ ነባር ሕዝቦች ማለትም በአኝዋሃ፣ በኑዌር፣ በመዠንግር፣ በኡፖና በኮሞ፣ በአራቱም ወንዞች ማለትም በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ይጀመር። ለእያንዳንዱ የተመረጠው ስም፣ ሌሎች ስሞቹ በየፊደላቸው፣ ስሙ የሚያጠቃልለው፣ ሰፊውና ጠባቡ ተዛማጅ ርእስ፣ እንዲሁም ስሙ የተወሰደበት ምንጭ ይመዝገብ። ከዚያ ወደ ወረዳና ቀበሌ፣ ወደ ዓሣና ዛፍ ስም እንወርዳለን። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብቻውን አይሠራውም፤ የቋንቋ መምህሩ፣ የሀገር ሽማግሌውና ከየዞኑ የመጣችሁ ተማሪዎች ታስፈልጋላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምታስረክቡም ቁልፍ ቃላታችሁን በመጨረሻው ሰዓት ከርእሱ ላይ አትገልብጡ፤ የሥራ ባልደረባችሁ ሳይሆን ገና ያልተወለደ ሰው በምን ቃል ይፈልገዋል ብላችሁ አስቡ።

የጋምቤላ ታሪክ በካርቱም፣ በአዲስ አበባ፣ በለንደን ተበትኖ ይገኛል። ሰነዶቹን ሁሉ ወደዚህ ማምጣት አንችል ይሆናል። ስማቸውን እዚህ መሰብሰብ ግን በእጃችን ነው፤ ስሙን የያዘ ሰው ሰነዱ ያለበትን ያውቃልና።